በእጮኛሽ ድምፅ

ውድ ፌንጣዬ፣

ስልክ ያልደወልኩልሽ ስላፈርኩ ብቻ አይደለም። ብደውልና "እኔ ነኝ" ብልሽ፣ የትኛው እኔ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? ወረቀት ላይ ግን የማንንም ድምፅ ማስመሰል አልችልም። የእጅ ጽሑፌም፣ አንቺው እንደምትዪው፣ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ሌላ ሰው ጻፈው ብለሽ አትጠረጥሪም።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሱቄን እከፍታለሁ፤ የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ፈትቼ እገጥማለሁ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው "ዛሬስ የማንን ድምፅ ታሰማናለህ?" ሲለኝ ጉሮሮዬን አሞኛል እለዋለሁ። "ማር ላስበት" ይለኛል። ለእኔ በሽታ ማር አይሆነውም።

አንቺ ያላየሽው ነገር ስላለ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የላጤነት መሰናበቻሽን እኔ በምኖርበት ከተማ፣ ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞችሽ ጋር ልታሳልፊ ስታስቢ ዝግጅቱን ለእኔ ሰጠሽኝ። "ጋሼ፣ ከተማውን እንዳንተ የሚያውቀው የለም። ግን ቀልድ የለም፤ እሺ?" አልሽኝ።

"እሺ።"

"እሺ ብቻ አይደለም፤ ቃል ግባልኝ።"

"ቃሌ ነው። ሁለቱን ቀን እንደ ዳኛ ኮስተር እላለሁ።"

"ዳኛም አትሁንብኝ፤ ደግሞ የዳኛ ድምፅ ታወጣለህ!" ብለሽ ሳቅሽ።

በደስታ ሰው አልመስል አልኩ። ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛሽ ጭፈራ ቤት ካልሆነ ትለኛለች፤ ባንክ የምትሠራው የእጮኛሽ እህት ጸጥ ያለ ቦታ ትለኛለች። እኔ መሃል ገብቼ ግቢ ያለው ቤት አገኘሁላችሁ። ቀን ግቢው ውስጥ ትጫወታላችሁ፤ ሲመሽ ከበሩ ወጣ ስትሉ መንገዱ ራሱ ጭፈራ ቤት ነው፤ ከየሱቁ የሚወጣው ሙዚቃ እርስ በርሱ ይጣላል። ግቢውን ጠረግሁ፤ ከዛፍ ዛፍ አምፖል ሰቀልኩ። ፍራሾቹን አንድ በአንድ ተኝቼ ሞከርኩ፤ አንደኛው ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ የቤቱ ባለቤት ሴትዮ በመጥረጊያ እንጨት ቀሰቀሰችኝ።

ዓርብ ዕለት ፀጉር ሠሪዋ ከእናንተ ቀድማ፣ አኩርፋ መጣች። ሙሽራው በስልክ ጥያቄ የሚመልስበት ጨዋታ አዘጋጅታ ነበር፤ ቀያሹ እጮኛሽ ግን መሬት ሊለካ ወጥቶ ኔትወርክ የሌለበት መስክ ገብቷል። ያኔ ዝም ማለት ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝ። ጉሮሮዬን እንደሱ ጠራርጌ፣ እንደሱ ቃላቱን እየጎተትኩ "እንግዲህ… መጣሁ ማለት ነው" አልኩ።

"ኧረ ጋሼ! ቁርጥ እሱን!" ብላ ወንበር ላይ ወደቀች።

እኔ ሰው ሲስቅልኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ። እሷን ግን አትቆጪያት፤ ሐሳቡም ሽቦውም የእኔ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መኪናዬን ከበሩ ውጭ አቆምኩ። ከስልኬ ሽቦ ስቤ ግቢው ውስጥ ካለው ማጉያ ጋር አገናኘሁ። በእጮኛሽ ድምፅ እደውላለሁ፤ ጓደኞችሽ ይሰማሉ፤ ብቅ እላለሁ፤ በጫማ ትወረውሪኛለሽ፤ እንስቃለን። ያሰብነው ይሄን ነበር። ፀጉር ሠሪዋ "ሙሽራው ነው፤ ያንቺ ስልክ አልገባ ብሎት ነው" ብላ ስልኳን ሰጠችሽ። አንቺ ግን እዚያው ከመቀመጥ ይልቅ ጓሮ ወዳለው መኝታ ክፍል ሄድሽና በሩን ዘጋሽ። ሰው በር ዘግቶ የሚያወራው ከሚወደው ሰው ጋር ብቻ ነው። ይሄን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም።

"እንግዲህ… እንዴት ነሽ?" አልኩ።

"አንተ! ኔትወርክ ከየት አገኘህ?"

"ኮረብታ ላይ ወጥቼ ነው።"

በተከፈተው የግቢ በር በኩል ጓደኞችሽ አፋቸውን ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር። ልቤ አበጠ።

"እንግዲህ፣ ያንን የተነጋገርነውን ነገር ሳስብ ነበር" አልኩሽ። በግምት የወረወርኩት ነው። ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ያልጨረሱት ጭቅጭቅ አይጠፋም ብዬ። ስለ ኬክ የምታወሪ መስሎኝ ነበር።

ድምፅሽ ዝቅ አለ።

"ስለ ጋሼ ከሆነ እኔ ጨርሻለሁ። በአባቴ ቦታ ከጎኔ የሚቆመው እሱ ነው። እናትህ 'ያ ቀልደኛ ሰው ያሳፍረናል' በማለታቸው አልቀየምኩም፤ አያውቁትም። አንተ ግን ታውቀዋለህ።"

ግቢው ውስጥ ሳቁ ተቆረጠ። የእጮኛሽ እህት የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ፌንጣዬ፣ እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነበር። መጥፎ ቀልድ፣ ግን ቀልድ። አንገቴን ያስደፋኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ጣቶቼ ሽቦው ላይ ነበሩ። ሳብ ባደርገው ያልቅ ነበር። አልሳብኩትም። ሰው ሲስቅብኝም ሲስቅልኝም ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ሲቆምልኝ ግን ሰምቼ አላውቅም። ጨምሪልኝ አሰኘኝ። ስለዚህ በእጮኛሽ ድምፅ፣ ቀልድ በሌለበት፣ "ለምን እሱ?" ብዬ ጠየቅሁሽ።

አንቺም መለስሽ። ለእሱ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም የመለስሽው።

"አባቴ በሞተ ሰሞን ጋሼ ሱቅ ሄጄ 'በአባቴ ድምፅ ጥራኝ' አልኩት። የወለቀው የፊት ጥርሴ ገና አልበቀለም ነበር። የሁሉን ሰው ድምፅ ያወጣ የለ? አባቴ ደግሞ የገዛ ወንድሙ ነው። ለመንኩት፣ አለቀስኩ፣ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። እምቢ አለኝ። አቅፎኝ አብሮኝ አለቀሰ እንጂ አላደረገውም። ሰው ሁሉ ጋሼ ማቆሚያ የለውም ይላል። እኔ ግን የት ጋ እንደሚያቆም አውቃለሁ።"

ሙቀቱ ይሁን እንባው አላውቅም፣ መስኮቱን ከፈትሽ። "ሃሎ? አለህ?" አልሽ። ግቢው "ሃሎ? አለህ?" ብሎ መለሰልሽ።

ወጣሽ። ማንንም አላየሽም። ሽቦውን ብቻ በዓይንሽ እየተከተልሽ በበሩ አልፈሽ እስከ መኪናዬ መጣሽ።

"ጋሼ" አልሽኝ፣ ሳትጮሂ፣ "አሁን በማን ድምፅ ነው ይቅርታ የምትጠይቀኝ?"

ሽቦውን ከስልኬ ነቀልኩ።

የሰቀልኳቸውን አምፖሎች ማንም ሳያበራቸው እሁድ ጠዋት ሻንጣችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ።

ሰኞ እጮኛሽ ያለበት መስክ ድረስ ነዳሁ። ከሌላ ሰው ሳይሰማ ከእኔ ይስማ ብዬ። መለኪያውን በሦስት እግሩ አቁሞ አገኘሁት፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ "እንግዲህ…" ሲል መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ፊቴን አይቶ ነው መሰለኝ ሊያቀልልኝ ፈለገ። "እስቲ እኔን አሰማኝ" አለኝ። እምቢ አልኩት። እናቱ ዘንድ የወሰደኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ልጃቸው ቀድማ ነግራቸዋለች። "ልክ አልነበርኩም?" አሉኝ።

"ስለ እኔ ልክ ነበሩ" አልኳቸው። "ልጄ ግን ለእርስዎ ቂም እንደሌላት የተናገረችው እርስዎ ይሰሙኛል ብላ አይደለም። በተዘጋ በር ውስጥ ነው። ያጋለጥኳት እኔ ነኝ፤ በእሷ እንዳይፈርዱ።"

ውሃ እንኳ ጠጣ አላሉኝም። ስወጣ ግን "ልጅቷን ሰምተናታል" አሉኝ። ይሄን ልንገርሽ ብዬ ነው፤ ለእኔ የተባለ አይደለም፣ ላንቺ ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። ያኔ ሱቄ መጥተሽ የለመንሽኝን ለምን እምቢ እንዳልኩሽ ነግሬሽ አላውቅም። ደግ ስለሆንኩ ይመስልሻል። ፈርቼ ነው። በአባትሽ ድምፅ ብጠራሽ እየሮጥሽ ትመጪና ታቅፊኝ ነበር፤ ከዚያ ቀና ብለሽ ታዪኛለሽ፤ እኔ ነኝ። ያኔ የሚኖርሽን ፊት ማየት ፈራሁ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሳላየው ኖሬ፣ ያን ቅዳሜ በመኪናዬ መስኮት አየሁት።

ስለዚህ በአባትሽ ቦታ አቁሚኝ አልልሽም። በሠርግሽ ቀን ሱፌን ለብሼ፣ አፌን ዘግቼ በሩ ላይ እገኛለሁ። ክንዴን ከያዝሽ አብሬሽ እገባለሁ። አልፈሽኝ ከሄድሽም አልቀየምም፤ ወንበር የሚያመላልስ ሰው ሠርግ ላይ ሁሌም ይፈለጋል። ማጉያውን ግን ሌላ ሰው ይግጠመው።

መልስ አትጻፊልኝ። በሩ ላይ አየዋለሁ።

ይቅርታሽን የሚለምን፣
ጋሼሽ