አርባ አንዱን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ

ለተከበሩ አቶ መልከ ጼዴቅ፣
የሶፍትዌር ሥራ ክፍል ኃላፊ፣
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነቢሮዎ፣ የሠራተኞችዎን ትጋት በቀይና በአረንጓዴ ከሚያሳይዎት ከዚያ ትልቅ ስክሪን ጋር እንደምን ሰንብተዋል? አላህ ጤናውን ያብዛልዎት፤ ስክሪኑንም ከአቧራ ይጠብቅልዎት። እኛ በሐይቅ ከተማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ መብራቱም ሲመጣ ይመጣል።

እኔ ጠሃ አብዱልከሪም እባላለሁ። ሐይቁ ዳር የጀልባ ሞተርና ሬዲዮ እጠግናለሁ፤ ሙያውንም የተማርኩት ፈትቼ መግጠም ያቃተኝን ሞተር ባለቤቱ ሳይመጣብኝ ለመግጠም ስጣደፍ ነው። እርስዎ የሚያውቁት ግን የእህቴን ልጅ ሰሚሃን ነው፤ በእኔ ቤት የፊት ክፍል ተቀምጣ በኢንተርኔት ለድርጅትዎ ፕሮግራም የምትሠራውን። ባለፈው ሳምንት «የወሩ ምርጥ መሐንዲስ» ብለው ፎቶዋን ለሠራተኛው ሁሉ ስለበተኑልን ቤተሰቡ በሙሉ እጅ ይነሳል። ምስጋናና ሽልማት ግን ለባለቤቱ ሊደርስ ስለሚገባ፣ ከዚህ በታች በቁጥር ያሰፈርኳቸውን ጉዳዮች በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

፩. በመጀመሪያ፣ በሰሚሃ ላፕቶፕ ላይ ስላስገጠሙት ጠባቂ አመሰግናለሁ። አሥር ደቂቃ ሙሉ ምንም ካልተነካ ስሟ እርስዎ ዘንድ ቀይ ይሆናል፤ ሦስተኛው ቀይ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከመናገሯ በፊት የምታስብ በመሆኗ፣ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስታነብ ብዙ ጊዜ ቀይ ትሆንብዎታለች። እኛ የምታስብ ሴት ስናይ እየሠራች ይመስለን ነበር፤ ለካስ ሥራ ላይ የለችም። ስላረሙን እናመሰግናለን።

ታዲያ ከሽልማቱ ሦስት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ የጎረቤታችን የእትዬ እናትነሽ ባለቤት አረፉ። እንደሚያውቁት በእኛ ሰፈር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት ሲሞት፣ ክርስቲያን ይሁን እስላም፣ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ከለቅሶ የሚቀር ሰው የራሱን ቀብር ቢያስብበት ይሻለዋል። ሰሚሃ ደግሞ ሁለት ቀይ ስለነበረባት፣ ከቀብር እስክትመለስ ማውዟን አልፎ አልፎ እንዳንቀሳቅስላት አደራ አለችኝ። አደራው ማንቀሳቀስ ብቻ ነበር፤ ይህንን አስምሬበታለሁ፤ እርስዎም ያስምሩበት።

እኔም ተቀመጥኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ ጽሑፍ ብቅ ይላል፤ ከሥሩ «አጽድቅ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ ሌላውም ከኋላው ተራውን ይጠብቃል። ማን እንደላካቸው አላውቅም። ነገር ግን በእኛ ቤት እንግዳ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ግባ» አለማለት ነውር ነውና፣ አንዱን «ግባ» አልኩት። ገባ። የሚቀጥለውንም እንዲሁ። እስከ ከሰዓቱ የዐስር ሰላት ድረስ አርባ አንድ እንግዳ አስገባሁ፤ አንዱንም ከየት መጣህ አላልኩትም።

እንግዶቹ በኋላ እንደተነገረኝ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የምትሉት ማሽን የጻፋቸው የፕሮግራም ክፍሎች ናቸው፤ ሰሚሃም እያንዳንዱን አንብባ ልታሳልፍ ወይም ልትመልስ የተቀመጠች በረኛ ነች። እርስዎ ዓርብ ዕለት ሸለሟት። ከዚያ በፊት የክፍሉ ትልቁ ቁጥር በቀን ዘጠኝ እንደነበር በመግለጽ፣ ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ሁሉም ሠራተኛ በቀን አርባ እንዲያጸድቅ አዘዙ። የሻው የተባለ የሥራ ባልደረባዋ በማግሥቱ ደውሎ «እቴ ሰሚሃ፣ አንቺ ብትሮጪ እኛስ በቀን አርባ እንችላለን ብለሽ ነው?» አላት። ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

፪. ሁለተኛው ጉዳይ ክብደትን ይመለከታል። እንግዶቹ የገቡበት ፕሮግራም ጤና ጣቢያ ያለች ባለሙያ የሕፃኑን ኪሎ ስትነግረው ስንት ማንኪያ ሽሮፕ እንደሚሰጥ የሚመልስ ነው። ሰሚሃ እኔ ያስገባኋቸውን እንግዶች ከመጀመሪያው ጀምራ ማንበብ ያዘች፤ በአራት ቀን አሥራ ስድስቱን ጨረሰች። አሥራ ሁለተኛው ላይ፣ ባለሙያዋ ኪሎውን ሳትሞላ ካለፈች ፕሮግራሙ ሕፃኑን ሃምሳ ኪሎ ነው ብሎ እንደሚገምት አገኘች። ከአምባሰል አቀበት ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን የስድስት ወር ሕፃን ታዝሎ ቢወርድ፣ ወላጆቹን እንኳን ደስ ያላችሁ ለማለት እኔ ራሴ በእግሬ እወጣለሁ። እስከዚያው ግን ሽሮፑን የሚጠጣው የስድስት ኪሎው ነው።

ይህንን ጽፋልዎት፣ የቀሩትንና ከፊተኞቹ በብዙ የሚረዝሙትን ሃያ አምስት የምታነብበት ሦስት ሳምንት ለመነችዎት። እርስዎም አሥራ ሁለተኛውን ማሽኑ ራሱ እንዲያርመው አዘው፣ በሚያስቀና የአባትነት ድምፅ እንዲህ ብለው መለሱላት፦ «አንቺኮ በአንድ ከሰዓት አርባ አንድ የጨረስሽ ልጅ ነሽ። በራስሽ እመኚ።»

እንግዲህ ልጅቷ ያለችበትን ስፍራ ልሳልልዎት። ሰኞ በሦስት ሰዓት «ሁሉንም አንብቤ አረጋግጫለሁ» በሚለው ቅጽ ላይ ትፈርማለች፤ ፕሮግራሙም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያዎቹ ይሄዳል። ካልፈረመች ሥራ አጓተተች ትባላለች። አላነበብኩም ካለች ያጸደቀው ማነው ትባላለች። አጎቴ ነው ካለች ደግሞ ላፕቶፕን ለሌላ ሰው መስጠት ከሥራ ያሰናብታል የሚል ደንብ አለዎት። ሦስት በር ያለው ቤት ሠርተው ሦስቱንም ከውጭ ቆልፈውታል፤ እኔ በጥገና ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥብቅ ሥራ አላየሁም። እህል አትቀምስም። ትናንት ማሽኑ ለምን አይጠየቅም ብላት፣ ቀና ሳትል «አጎቴ፣ ማሽኑ ሲሳሳት ስም የለውም። ሕፃን ቢሞት የሚጻፈው የእኔ ስም ነው» አለችኝ።

፫. ማሽኑ በፍጥነት ይጽፋል ተብሎ ከዘጠኝ መሐንዲሶች አምስቱ ተሰናብተው አራት ቀርተዋል። የሚጻፈው አምስት እጥፍ ሲሆን የሚያነበው በግማሽ እንዲቀንስ ማድረግ ከእኔ የሒሳብ ዕውቀት በላይ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

፬. ሰው ማስተዳደር አላውቅም። ከሞተር በቀር የሚታዘዘኝ የለም፤ እሱም ሲፈልግ ነው። ሆኖም በልጅነቴ መስጊድ ጥግ ቁጭ ብዬ እንዳየሁት፣ ሸሁ ደረሳቸውን፣ ተማሪያቸውን፣ «ዛሬ ስንት ገጽ ገለበጥክ?» አይሉትም ነበር፤ ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አሳርፈው «ይህ ምን ማለት ነው?» ይሉት ነበር። ክቡርነትዎም ጊዜ ሲኖርዎት፣ ሰሚሃ ያሳለፈችውን ከመቁጠር ይልቅ የመለሰችውን ቢጠይቋት፣ ፊርማውን ከእሷ እንደፈለጉ ሁሉ «ይቁም» የማለት ሥልጣኑንም ለእሷ ቢሰጧት፣ ስታስብም አረንጓዴ ቢያደርጓት ምን ይመስልዎታል? ምናልባት ስክሪኑ ይከፋው ይሆናል።

ስለዚህ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ፦ አርባ አንዱን ያጸደቅኩት እኔ ጠሃ ነኝ። አንዱንም አላነበብኩም፤ ባነብም አይገባኝም ነበር። የሽልማት ወረቀቱን በእኔ ስም ያርሙልኝ፤ ቅጣቱንም እንዲሁ። በቀን አርባ የተባለው ትእዛዝ የቆመው በአንድ ሞተር ጠጋኝ ጣት ላይ መሆኑን ለየሻውና ለቀሩት ይንገሩልኝ። ሃያ አምስቱም ሳይነበቡ ከቢሮዎ አይውጡ።

ይህን ደብዳቤ ለሰሚሃ አንብቤላታለሁ፤ ሥራዋን እንደሚያሳጣትም ነግሬያታለሁ። ሁለት ስሕተት አረመችልኝ፤ ከዚያ «ይላኩት» አለች።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለክፍልዎ ብርታትን፣ ለስክሪንዎ የማያቋርጥ አረንጓዴን የሚመኝ፣ ባልተማረው ሙያ የተሸለመ፣ ሳይቀጠር በድርጅትዎ ታሪክ ፈጣኑ መሐንዲስ ለመሆን የበቃ፣ ምንጊዜም ትሑት ባለሟልዎ፣

ጠሃ አብዱልከሪም
ከሐይቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጋዜጣ ከማውጣቴ በፊት ነገሩን በጓዳ እንጨርሰው ብዬ ይህንኑ ደብዳቤ ረቡዕ ዕለት በኢሜይል ልኬልዎት ነበር። ሻይ ሳልጨርስ በስምዎ የተፈረመ መልስ ደረሰኝ። ደብዳቤዬን «በጥልቀት አንብበው» በአሠራርዎ ፍጥነት መደሰቴን እንደተረዱ፣ ሰሚሃም ልምዷን ለባልደረቦቿ እንድታካፍል ሥልጠና እንደሚያዘጋጁላት ይገልጻል። እንዲህ ያለውን መልስ የጻፈው ማን እንደሆነ ሰሚሃ በአንድ እይታ ነገረችኝ፤ ያው ስም የሌለው ነው። ሰኞ ከሦስት ሰዓት በፊት በስልኳ ይደውሉላት፤ እባክዎ፣ ራስዎ።