ከአጥሬ ማዶ ስላስቀመጡልኝ ስዊድናዊ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ቢያዝን፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤
ባሕር ዳር።

የሐይቁ ነፋስ ሳይጎዳዎ፣ የእሑዱ ስብሰባም ጉሮሮዎን ሳይዘጋው ይህች ደብዳቤ እንደምትደርስዎ ተስፋ አለኝ። እኔ ዕድሜዬ ከሃምሳ ያለፈ፣ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የማገለግል የቀበሌዎ ነዋሪ ነኝ። ደብዳቤዬን በክበቡ ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት ውለታዎን ብቻዬን ይዤ ዝም ማለቱ ነውር ስለ ሆነብኝ ነው።

ውለታዎ ይህ ነው፤ ባለፈው ዓመት ከእኔ ጋር በአጥር የሚዋሰነውን የተወረሰ ቤት ለስዊድናዊው የውሃ ጉድጓድ ባለሙያ ለአቶ ላርሽና ለሚስቱ ሰጡ፤ ቀጥሎም በስብሰባ ላይ ተነሥተው «ወንዶች ሁሉ ከዚህ ሰው ተማሩ» ሲሉ አወጁ። ባለቤቴ ወይዘሮ የብርጓል ቃልዎን እንደ መመሪያ ቆጥራ ሥራ ላይ አውላዋለች። ስለዚህ የሚከተለውን ምስጋና አቀርባለሁ።

፩. ስዊድናውያን በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይገባሉ። እኔም እንግዲህ ደጃፌ ላይ ቆሜ አወልቃለሁ። ሙሴ ጫማህን አውልቅ የተባለው የቆመባት መሬት የተቀደሰች ስለ ነበረች ነው፤ የእኔን ሳሎን ማን እንደ ቀደሰው ግን የገለጸልኝ የለም። የተገለጠው የካልሲዬ ቀዳዳ ብቻ ነው።

፪. አቶ ላርሽ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቃችንን ዓሣ ከታንኳ ላይ ይገዛና እሳት ሳያሳየው በአቼቶ፣ በስኳርና በሽንኩርት ዘፍዝፎ ይበላዋል። ዓሣ ይዤ በገባሁ ቁጥር «ሽታው ከመጋረጃው አይለቅም» እያለች ስታስወጣኝ የኖረችው የብርጓል የእሱን ጥሬ ዓሣ በብርጭቆ አስሞልታ መጣች። ቅመሰው አለችኝ፤ ቀመስሁት። ይጣፍጣል። ይህን ነው ይቅር ልልዎ ያልቻልሁት።

፫. በሰኔ እነ አቶ ላርሽ ለአገራቸው በዓል ግንድ አቁመው ቅጠልና አበባ አለበሱት፤ ደመራ መስሏቸው ችቦ እናምጣ ያሉ ጎረቤቶችም ነበሩ። ለካ እንደ እንቁራሪት እየዘለሉ ሊዘፍኑበት ኖሯል። በወንድሜ ሠርግ ጉልበቴን አመመኝ ብላ ከወንበሯ ያልተነሣችው የብርጓል በጭቃው ውስጥ ከሁሉም አብልጣ ዘለለች። ጉልበቷን ስላዳኑልኝ አመሰግናለሁ።

፬. ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ሚስቱ ወደ ሥራዋ ስትመለስ እሱ ፈቃድ ወስዶ ቤት ዋለ። የሕፃኑን ጨርቅ አጥቦ በጋራ አጥራችን ላይ ሲያሰጣ የሠፈሩ ሴቶች ተሰልፈው ያዩታል። «አምስቱ ልጆቻችን ሲወለዱ አንተ የት ነበርህ?» ተብዬ በባለቤቴ ተጠየቅሁ። ሕዝብ ሳገለግል ነበር ብላት «እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?» አለች። ጥያቄው ከእኔ አቅም በላይ ስለ ሆነ ወደ እርስዎ መርቼዋለሁ።

፭. በአገራችን ሰው ሲስማማ ቃል ሳያወጣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። ይህ የእኛ ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ስዊድናውያንም እንደዚሁ ናቸው። ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ በአጥሩ በኩል ሰማሁ። እሱ በተሰባበረ አማርኛ ስለ አገሩ በረዶ ሲያወራ የብርጓል ትንፋሿን ትስባለች፤ እሷ ስለ እናቷ አገር ስለ ቆላ ድባ ስታወራ እሱ ይስባል። ሚስቱም አጠገባቸው ሹራብ ትሠራለች። የምከስሰው ነውር የለም፤ ቢኖር ኖሮ ይቀለኝ ነበር። በተጋባን ሰሞን እኔ ሳወራ የብርጓል እንደዚያ ነበር የምትሰማኝ። አሁን «አዎ» ትለኛለች፤ ቃሉን ሳታጎድል፣ ፊቷንም ሳታዞር።

ስለዚህ ቢቻል ቤተሰቡን ወደ ፔዳ አካባቢ እንዲያዛውሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ካልተቻለም በመጪው እሑድ ስለ እኔ አንድ በጎ ቃል ይናገሩልኝ፤ ባለቤቴ የምትቀመጠው ከፊት ወንበር ነው።

ለሥልጣንዎ ዕድሜን፣ ለአጥሬ ቁመትን እየተመኘሁ፣ ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣

አንዳርጋቸው
ሐምሌ ፲፱፻፸፩ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ የአቶ ላርሽ ውል በመስከረም እንደሚያልቅና ቤቱን ለራስዎ እንዳዘጋጁት ሰማሁ። ልመናዬን አንሥቻለሁ። እርስዎ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ያንን አጥር ትሻገራለች ብዬ አልሠጋም።