ጠረጴዛ የጎደለው የስፌት መኪና

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። ባለሽበት ጤናሽን ይስጥልኝ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም ከጉልበቱ በቀር የሚያመው የለም።

አምና የላክሽልኝ ገንዘብ አዲስ የስፌት መኪና ከነጠረጴዛው ይገዛልኝ ነበር። እኔ ግን ባንክ ይቀመጥና ይውለድ አልኩ። ዓመት ሲሞላው ከነወለዱ አውጥቼ፣ ደስ እያለኝ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቆጠረና፣ «እናቴ፣ ይሄ መኪናውን ብቻ ነው የሚገዛው፤ ለጠረጴዛው አይበቃም» አለኝ። ለካ የኔ ገንዘብ ዳዴ ሲል ዋጋው ሮጦ ቀድሞታል! በወለዱ አተረፍኩ ስል አንድ ጠረጴዛ ከሰርኩ። አንቺም ስታጠራቅሚ፣ ስንት ወለደ ብቻ ሳይሆን ዛሬ ምን ይገዛል ብለሽ ጠይቂ።

መኪናውን ብቻ ይዤ ተናድጄ ገባሁ። አባትሽ መቼም አናጢ ነው፤ የልጅነት አልጋሽን ፈታትቶ ጠረጴዛ ሠራልኝ። አሁን የሰፈሩን ልብስ የምሰፋው እሱ ላይ ነው። መኪናው ሲንቀሳቀስ ጠረጴዛው ትንሽ ይወዛወዛል፤ አንቺን እሹሩሩ የምል ይመስለኛል፤ ደስ ይለኛል።

ፈጣሪ በሰላም ያገናኘን። ስለ አልጋው አታስቢ፤ አባትሽ ሌላ ይሠራልሻል። ብቻ እባክሽ፣ እንጨት ሳይወደድ የምትመጪበትን ቀን ንገሪን።

እናትሽ