በሰው አባት ስም የተጠራው ፍሬን

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፤

አንተ እንደምን ሰነበትክ ከማለቴ በፊት ዐሥሩ ጣቶችህ እንደምን ሰነበቱ? ቆጥረህ ንገረኝ፤ አልቀለድኩም። ቀኝ ትከሻህ ብርድ በመጣ ቁጥር መጠዝጠዙን ተወ? ወገብህስ? ባለቤትህን ያ ክፉ ጉንፋን ለቀቃት ወይ? እማዬ እግሯን ዘርግታ መቀመጥ ጀመረች ወይስ አሁንም "ትንሽ ብቻ" እያለች ግቢውን ስትዞር ትውላለች? አባባስ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ድምፁ ቀነሰ" ይላል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከጥፍሬ ሥር አልለቅም ካለው ዘይትና ከእናንተ ናፍቆት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ይህን የምታነበው ጥቅሉን ፈትተህ ከሆነ ያቺን በጨርቅ የተጠቀለለች ቀጭን ብረት አግኝተሃታል። ወዲያ አስቀምጣትና መጀመሪያ አንብብ። ባለፈው በስልክ "ለሞተር መጋዝህ የላክሁልህ የፍሬን ቀበቶ አደጋ አለበት፤ አዲስ እስክልክልህ መጋዙን አታስነሳው" ስልህ "እሺ፣ እሺ" አልከኝ። ያንተን እሺ ደግሞ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው እሺ "ሰምቻለሁ" ነው፤ ሁለተኛው እሺ "አላደርገውም" ነው። ቀጥለህም "እስካሁን ምን ሆነ? ይይዛል እኮ" አልክ። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ፤ ወይም አንተ ቆረጥከው፤ እሱን ላንተው ትቼዋለሁ። በስልክ አልዋጥ ያለህን በወረቀት ላጉርስህ ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

በምሠራበት ጥገና ቤት የሆነው ነገር እንዲህ ነው። "ረጅሙ" የምንለው የመንገድ ዳር ዛፍ የሚከረክም ደንበኛ አለን። መሰላል የሚይዘው ለወግ ነው እንጂ ቁመቱ ብቻውን ይበቃዋል። ወሬ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም፤ ከበር ጀምሮ እያወራ ገብቶ እያወራ ነው የሚወጣው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ግን ዝም ብሎ ገባ። መጋዙን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፣ ከኪሱ ሁለት ቦታ የተሰበረች የፍሬን ቀበቶ አወጣና እንደ ክብሪት እንጨት ደርድሮ ፊቴ አኖራት። ያኔ ነው ሱሪውን ያየሁት፤ ከግራ ጉልበቱ በላይ እንደ መስኮት ተከፍቷል። "ጆሮ" አለኝ፤ እዚህ የሞተርን ሕመም በድምፁ ስለማውቅ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው፤ "ጆሮ፣ ፍሬንሽ እኔን ጥሎ ሄደ።"

ውሃ አጠጣሁትና ነገረኝ። የመጋዙ ጫፍ ቅጠል የሸፈነውን ሌላ ቅርንጫፍ ሲነካ መጋዙ ወደ እሱ ተፈናጠረ። እንደምታውቀው ይኼኔ ከእጀታው ፊት ያለው መከላከያ እጅ ሲመታው ወደፊት ይሄዳል፣ ቀበቶዋም ሰንሰለቱን የሚያዞረውን ክብ ብረት፣ ታምቡሩን፣ ጭምቅ አድርጋ ሰንሰለቱን በቅጽበት ታቆማለች። ቀበቶዋ ጭምቅ ልታደርግ ስትል ራሷ ተበጠሰች። ሰንሰለቱ መዞሩን ቀጠለ፣ በጉልበቱ በኩልም አለፈ። "ሥጋዬን ያልነካው በሱሪዬ ስፋት ነው" ይላል። "ሚስቴ ጆንያ ለብሰህ አትውጣ ትለኝ ነበር። አሁን ያንኑ ጆንያ እየሰፋችው ነው።"

ያቺ ቀበቶ ካንተዋ ቀበቶ ጋር ከአንድ ሣጥን የወጣች ናት። ሁለቱንም ያወጣው ይኸው ይህን የሚጽፈው እጅ ነው። ደግሞ ስማኝ፤ ረጅሙ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ለሰንሰለት መሳል መጥቶ "ፍሬኑስ እንዴት ነው?" ብለው ምን አለኝ መሰለህ? "ይይዛል እኮ።" ቃል በቃል ያንተን። ወንድምዓለም፣ ፍሬን እንደ ዘመድ ነው። በደህና ቀን ሁሉም ይይዛል፤ የሚታወቀው በክፉ ቀን ነው።

ጥፋቱን በሌላ ሰው አላላክክም። ሣጥኑ የታወቀውን ፋብሪካ ስም ለብሶ፣ ቀለሙን ተቀብቶ፣ ማኅተሙን ለጥፎ መጣ፤ እኔም ሣጥኑን አመንኩ። ረጅሙ ከሄደ በኋላ ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳየው ከፋብሪካው ስም መሐል አንዷ ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፋለች። ቀበቶዋ የምትታጠፍበት ጫፍም ሲቆለምሙት የሚታዘዝ ብረት አልነበረም፤ እሳት በዝቶበት እንደ ደረቅ ብስኩት ሆኗል። ጆሮዬን አምኜ ዓይኔን አሳርፌ ኖሯል።

አሁን አንተ "ድሮስ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ!" ብለህ ሁሉንም በአንድ ጆንያ እንደምትከት አውቃለሁ። ተው። እዚህ ሱቅ አንድ ቃል አለ። ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ከውስጥ ሆኖ "የእንጀራ ልጁን አምጪው!" ብሎ ጮኸ። እኔ ክው አልኩ። የቤታችንን ነገር ማን ነገረው? እማዬ እኔን አዝላ አባባ ቤት መግባቷን፣ አንተና እኔ በአባትም በእናትም እንደማንገናኝ ይህ ሰውዬ ከየት ሰማ? "እኔ ነኝ" ብዬ ፊቱ ቆምኩ። አፍጥጦ አየኝና "አንቺን ምን ላርግሽ? ፒስቶኑን ነው ያልኩት" አለኝ። ለካስ ዋናው ፋብሪካ ሳይሆን ሌላ ሰው በራሱ ስም አመሳስሎ የሚሠራውን መለዋወጫ ነው እንደዚያ የሚሉት። ያን ታሪክ እስከ ዛሬ ለደንበኛ ሁሉ ያወራዋል፤ በየጊዜውም ይጨምርበታል።

እነዚህን የእንጀራ ልጆች አትናቃቸው። አሁን አንተ የምትሠራበትን የአባባን አሮጌ መጋዝ የወለደው ፋብሪካ ለሱ ዕቃ መሥራት ካቆመ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ማስነሻ ገመዱ፣ የአየር ማጣሪያው፣ አንተ በየቀኑ የምትጨብጠው እጀታ፣ ሁሉም የእንጀራ ልጆች ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ያ መጋዝ ዛሬ የዶሮ ቤት በር መደገፊያ ነበር። በእርግጥ ውስጣቸው ሰነፍ አለ። በሁለት ወር ልጡ የሚላጥ ፒስቶን አይቻለሁ። "የሰው ሐሳብ መስረቅ አይደለም ወይ?" የሚሉ ደንበኞችም አሉ፤ እኔም ብዙ አውጥቼ አውርጄበታለሁ። የጎረቤቷን ቀሚስ አይታ የሚመስለውን የምትሰፋ ሴት ሌባ አይደለችም፤ ሙያ ከመተያየት ነው። የጎረቤቷን ስም ጥልፍ አድርጋ ገበያ ካወጣችው ግን ሌላ ነገር ነው። በራሱ ስም የሠራ ሰው ቢያንስ ለመወቀስ ፈቅዷል፤ ዕቃው ቢሰበር ሄጄ የማንኳኳው በር አለ። በሰው አባት ስም የሚጠራው ዕቃ ግን ሲሰበር አባት የለውም። የረጅሙ ጉልበት ቢሄድ ኖሮ ማንን እናንኳኳ ነበር?

ሣጥኑን በሙሉ እንጣለው፣ የሸጥነውንም እንሰብስብ ስለው አለቃዬ መጀመሪያ ተንገራገረ። ፀጉሩን በየሳምንቱ ቀለም እየቀባ የሚያጠቁር መሆኑን ነግሬሃለሁ። ክፋት የለበትም፤ ርካሽ ሲያይ ግን ልቡ ቅቤ ይሆናል። "አንዷ ስለተሰበረች ሁሉም አይሰበሩም። ሣጥኑን ቀይረን ያለ ስም እንሽጣቸው" አለ። ሱቁ ውስጥ አራት ደንበኞች ነበሩ፤ ረጅሙም ወሬው ተመልሶለት ጥግ ላይ ተቀምጧል። አልተከራከርኩም። ከሣጥኑ አንዷን አውጥቼ ብረት ነክሶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰርኩና በፒንሳ ስስባት ቀጭ ብላ ተሰበረች። ሁለተኛዋም ቀጭ። ሦስተኛዋ እንኳ ገና ሳጠብቃት ነው የሄደችው። ከዚያ በራሱ ስም ከሚሠራው የእንጀራ ልጅ አንዷን አሰርኩ። ሳብኳት፣ አጣመምኳት፣ አፍንጫዋን ከጭራዋ አገናኘሁት፤ ስለቃት ተመልሳ ቦታዋ ቆመች።

ረጅሙ ከጥጉ ሆኖ "አለቃ፣ እስቲ አራተኛዋን ባንተ ጉልበት እንሞክራት፤ ሱሪውን አበድርሃለሁ" አለ። አለቃዬ ሲጨንቀው ሰዓቱን ማየት ይወዳል፤ ያን የሚያብለጨልጭ ሰዓቱን አየ። እኔም አፌ አያርፍ፣ "እሱም በሰው አባት ስም ነው" አልኩ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። መጨረሻ ላይ ራሱም ሳቀ። ቀጥሎ ያደረገውን ግን ልመርቅለት ይገባኛል፤ የቀሩትን በሙሉ በገዛ እጁ በብረት መቁረጫ ማሽን ቆራረጣቸው፣ መዝገቡን አውጥቶም ቀበቶ ለወሰዱት ሁሉ ደወለ። "የሸጥኩልህ ዕቃ ውሸት ነው፤ ይዘህልኝ ና፣ ደህናውን እገጥምልሃለሁ" ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ፊቱ ከፀጉሩ የባሰ ጠቁሮ ነበር።

ከዚያ ሣጥን ዘጠኝ ቀበቶዎች ወጥተው ነበር። የረጅሙን ጨምሮ ስምንቱ ተመልሰዋል። ለሁለት ለሁለት ቆርጠን ከጠረጴዛዬ በላይ በስምንት ሚስማር ሰቅለናቸዋል፤ ደንበኛ ሲጠይቅ ታሪኩን እንነግራለን። ዘጠነኛዋ ሚስማር ባዶዋን ናት። ዘጠነኛዋ ቀበቶ አንተ ጋ ናት።

ታዲያ የላክሁልህ ምንድን ነው ትላለህ። የእንጀራ ልጅ ነው። ዋናውን ላግኝልህ ብል ፋብሪካው እንደሌለው ነግሬሃለሁ። ከዚያው ሠሪ ሣጥን አንዷን እስክትሰበር ድረስ አሠቃይቼ፣ ስንት እንደቻለች አይቼ፣ እህቷን ነው የላክሁልህ። የሠሪው ስም ጫፏ ላይ ተቀርጿል፤ አባባ መነጽሩን አድርጎ ያንብብልህ። ልብ ካልከው ይህን ትምህርት ያገኘሁት ካንተ ነው። ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ የወሰድከኝ ቀን ጸሐፊዋ የአባት ስም ስትጠይቅ እኔ ቀድሜ የአባባን ስም ጠራሁ። አንተ "ተሳስታ ነው" ብለህ የወለደኝን ሰው ስም አስጻፍክ። አንተም እንደ ሰፈሩ ሰው የእንጀራ ልጅ አደረግከኝ ብዬ እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ። ደብተሬን ተሸክመህልኝ ከኋላዬ እየመጣህ "ስምሽም የራስሽ ነው፣ ቤቱም የራስሽ ነው። አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል የለብሽም" አልከኝ። ያን ዕለት አልገባኝም ነበር። ሞርሳው ጋ ቆሜ ገባኝ።

እንግዲህ ሽፋኑን ክፈትና ታምቡሩን ከዘይትና ከመጋዝ ብናኝ ደህና አድርገህ ጥረግ። አዲሷን ግጠም። ከዚያ መጋዙን በሁለት እጅህ ጨብጠህ፣ ጋዝ ሰጥተህ፣ የግራ እጅህን አንጓ ብቻ አዙረህ መከላከያውን ወደፊት ግፋው። ሰንሰለቱ በቅጽበት ካልቆመ አጥፋና ደውልልኝ። ሞተሩ ጠፍቶ በጣት ገፋ አድርጎ "ይይዛል" ማለት የለም።

ቀጥሎ የምልህ ነው የደብዳቤው ሁሉ ፍሬ። አሮጌዋን ቀበቶ ያቺ የብስኩት ቆርቆሮህ ውስጥ እንዳትከታት። አንተ ዕቃ አትጥልም፤ የተጣመመ ሚስማር ሳይቀር "ለክፉ ቀን" ብለህ ታኖራለህ። ይቺ ግን ክፉውን ቀን ራሷ ይዛ የምትመጣ ናት። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባህ ፍሬኑ ያልቅበታል፣ አንተም ደግ ነህ፣ ቆርቆሮውን ትከፍትለታለህ። ስለዚህ በቆርቆሮ መቁረጫው መቀስ ለሁለት ቁረጣት። ግማሹን ለእማዬ አስረክብ፤ ነግሬያታለሁ፣ እጇ ሳይገባ አትለቅህም። ሌላውን ግማሽ በፖስታ አድርገህ ላክልኝ።

በል እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ቁራጯን ስትረከብ ደግሞ ሁለት ጊዜ ታገላብጣት፣ የሌላ ብረት ቁራጭ ሰጥተህ እንዳትሸውዳት። አባባን የመጋዙ ሞተር ገና ጎረምሳ ነው በለው፤ ሬዲዮኑም አልተበላሸም፣ ባትሪ ይቀይርለት። ባለቤትህን ስለ ጉንፋኑ እግዜር ይማርሽ በልልኝ፤ ሱሪ ስትገዛልህ ከልክህ ሁለት ቁጥር ከፍ ታድርግ፣ ምክንያቱን አንተ ንገራት። ያቺ "ለምን" የማይጠፋት ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስቴ ለምን ቀበቶ ቆርጠህ ላክ አለች ካለችህ ይህን ደብዳቤ አንብብላት። ታናሹንም እንዲሁ፤ ጥርስ አብቅሏል አሉ፣ ቀበቶዋን እንዳይነክሳት።

ሚስማሯን በየጠዋቱ አያታለሁ። እንደማትዘገይ አውቃለሁ፤ አንድ እሺ ብቻ በለኝ።

የራሷን ስም ይዛ ቤትህ የገባችው
እህትህ

ከጥገና ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
የካቲት 5 ቀን ጠዋት፣ ሱቁ ሳይከፈት