እናትሽ ንግግሯን ለምን ታቋርጥ እንደነበር

ውድ ልጄ ዪልቫ፣

እንዴት ነሽ? ፀሐይ ከእኛ ሸሽታ በከረመችበት፣ ከምድር ማዶ ባለው አገርሽ እንዴት ከርመሻል? ያ ያስቸገረሽ የትከሻ ሕመም ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ራዊሪ ደህና ነው? ኤልዳ አዲሱን ትምህርት ቤት ለመደችው? ሕፃኑ ታማ ጥርሱ ወጣለት ወይስ እስካሁን እንቅልፍ ይነሳችኋል? ናፍቆቴ በመካከላችን ያለውን ባሕር ሁሉ ያህላል። እኛ አለን። ድሮ «ደህና ነን» ብዬ ነበር የምጽፍልሽ፤ ዛሬ «አለን» ይበቃል።

በብዕር መጻፌ አይግረምሽ። ኮምፒውተሩ አሁን የእናትሽ አፍ ነው፤ በሰው አፍ ደብዳቤ መጻፍ ደግሞ ነውር ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እዚህ ቤት ውስጥ የተነፈስኩትን ሁሉ ትሰማለች። እጇም እግሯም ምላሷም ከዷት እንጂ ጆሮዋ የድመት ጆሮ ነው።

በገና ዕለት በስክሪን ስታወሩ ንግግሯን ከመሃል ቆርጣ ዝም በማለቷ እንደተቀየምሽ አውቃለሁ። «እማዬ ሰልችቻት ነው?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «ገመዱ ነው» ብዬ በአጭሩ ዘጋሁት። ገመዱ አልነበረም። ምን እንደሆነ እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነውና ከሥሩ ልንገርሽ።

በሽታው እጆቿን ከወሰደ በኋላ ከመርጃ መሣሪያ ማዕከል አንድ ካሜራ እንደሰጡን ታውቂያለሽ። ከስክሪኑ ሥር ተቀምጦ ዓይኗ የትኛው ፊደል ላይ እንዳረፈ ያያል፤ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል፤ ኮምፒውተሩም የጻፈችውን ጮክ ብሎ ያነባል። ድምፁ የአንዲት የስቶክሆልም ሴት ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ቀን የተናገረችው፣ «ሆልገር፣ ስልሳ ስምንት ዓመት የሰሜን ሰው ሆኜ ኖሬ በስተርጅና ስቶክሆልሜ ልሁን?» የሚል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲጠግን ምሰሶ ላይ የኖረው ጎረቤታችን ሲክስተን ያን ዕለት እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ከዲሴምበሩ የሉሲያ በዓል ወዲህ ግን ካሜራው በድንገት መጥፋት ጀመረ። እናትሽ እየጻፈች ሳለች ኮምፒውተሩ «ቲን-ቶን» ይላል፤ ሰው መሣሪያ ሲነቅል የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ የነቀለው ሰው ግን የለም። የካሜራው ቀይ መብራት ይጠፋል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተመልሶ ይበራል፤ ሲመለስ ግን ዓይኗን ረስቶታል። ስክሪኑ ላይ የሚሮጡትን ነጥቦች አንድ በአንድ እየተከተለች እንደ አዲስ ታስተምረዋለች። ይህን በቀን አራት አምስት ጊዜ ማድረግ ዓይኗን ያደክመዋል፤ ዓይኗ ከደከመ ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የአየር ፍራሹ ፓምፕ ብቻ ነው። እሷ በቱቦ ስለምትመገብ ማዕድ ላይም ብቻዬን ነኝ። ፓልት፣ ያን የድንች ድቡልቡል፣ ለአንድ ሰው ቀቅለሽ ታውቂያለሽ? ለአንድ ሰው የሚሆን ምግብ አይደለም። ልጄ፣ አርባ አንድ ዓመት አብሮሽ የኖረ ሰው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተኝቶ ብቻሽን መሆን አይግጠምሽ።

እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ። ሠላሳ ዓመት የደን ማሽን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ «ይቺማ ምን አላት» ብዬ ተነሳሁ። ገመዱን ለወጥኩ። መሰኪያውን ከኮምፒውተሩ ፊት ወደ ጀርባው አዛወርኩ። ከማዕከሉ በስልክ የምታናግረኝ ሴት፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ልቆጥብ ብሎ ዩኤስቢውን እንዳያጠፋ አንድ ነገር አስቀየረችኝ፤ ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና እንድጭነው አደረገችኝ። የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው ማከፋፈያ አመጣሁ። በመጨረሻም ሌላ ካሜራ ተላከልን። ሁሉም ያው ነው፤ አንድ ቀን ደህና ይውልና በማግስቱ አምስቴ ይጠፋል። የፍራሹን ፓምፕ ጠርጥሬ የነቀልኩት ዕለት ፍራሹ ከሥሯ ቀስ እያለ ሲተነፍስ፣ «ካሜራው አልበቃህ ብሎ እኔንም ልታጠፋኝ ነው?» አለችኝ።

ደብተር አወጣሁ። የጠፋበትን ሰዓትና በዚያ ሰዓት የሚሠራውን ነገር ሁሉ መዘገብኩ፦ ማቀዝቀዣው፣ ፓምፑ፣ የቡና ማፍያው፣ በደጅ ያለፈው የሲክስተን የበረዶ ሞተር። ራሴን ግን አልጻፍኩም።

አንድ ነገር ብቻ ታየኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የምትመጣው ረዳት፣ ማይከን፣ አጠገቧ ስትሆን ካሜራው አይጠፋም። ያን ጊዜ እኔ ወይ እንጨት እፈልጣለሁ ወይ ገበያ እሄዳለሁ። ገብቼ አጠገቧ ስቀመጥ ነው የሚጀምረው። ሲክስተን ይህን ሲሰማ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ማሽኑ ፊትህን ጠልቶታል እኮ! ሚስትህ ጉንቮር ስለለመደችው ነው እንጂ እሷም ደህና ምክንያት ነበራት» አለኝ። ሳቅሁለት። ቃሉ ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። ለማይከን ስታወራ እንጨት የምደረድርበት ድረስ ይሰማኛል፤ ያቺ የስቶክሆልም ሴት ትቀልዳለች፣ ሰው ታማለች፣ የቄሱን ሚስት ታነሳለች ትጥላለች። እኔ ስገባ ቲን-ቶን። በራሴ ቤት እንደ እንግዳ በር ላይ ቆሜ ያዳመጥኩባቸው ቀናት አሉ።

በጃንዋሪ መጨረሻ ሐኪሟ ደወለች። ትንፋሿ እየደከመ ነው፤ ጉሮሮዋ ተበስቶ በማሽን መተንፈስ ትፈልግ እንደሆነ ከራሷ መስማት አለብኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እመጣለሁ አለችኝ። ካሜራው ቢጠፋ በፊደል ሰሌዳው እንናገራለን ብዬ ለእናትሽ ሐሳብ አቀረብኩ። እኔ ፊደሎቹን በጣቴ እያሳየሁ እጠራለሁ፣ እሷ የምትፈልገው ላይ ዓይኗን ታርገበግባለች። እምቢ አለች። «አንተ ቃሌን ሳልጨርሰው ትጨርስልኛለህ። አርባ ዓመት እንዲሁ ነህ። ስለ ትንፋሼ በአንተ አፍ አልናገርም» አለች። እውነቷን ነው።

ከአንቺ መደበቅ አልፈልግም፤ ስለዚህ ነገር መጻፍ ስትጀምር አንድ ሥራ ትዝ ይለኛል። ምድጃው፣ ድንቹ፣ የበሩ መቀርቀሪያ። ብድግ እላለሁ። የምትለውን መስማት አልፈለግሁም።

በዚያ ቅዳሜ ማይከን የለችም። እናትሽ መጻፍ ስትጀምር ድንቹን ላማስል ተነሳሁ፤ ቲን-ቶን። ተመልሼ ሳይ ስክሪኑ ላይ «ስትነ» የምትል ብቻ ቀርታለች። «ስትነካው» ልትል ነው አልኩ። ስትነካው ነው የሚበላሸው፣ እጅህን ሰብስብ ማለቷ ነው። እንደ ሕፃን ልጅ አኮረፍኩ። ቀኑን ሙሉ ገመዱንም ካሜራውንም ሳልነካ ዋልኩ፤ የእሷም ዓይን ደክሞ ተከደነ።

እሑድ ከቀትር በኋላ እንደገና ጀመረች። ምድጃው ላይ እንጨት ልጨምር ብድግ ስል ቲን-ቶን። ያን ጊዜ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ወደቅሁና አለቀስኩ። ምድጃው ይጥፋ፣ ካሜራውም ይጥፋ፣ እኔ ከዚህ በላይ የማውቀው ነገር የለም አልኩ። መነሳት አቃተኝ። ካሜራው በራሱ ጊዜ ተመለሰ፤ ነጥቦቹን ተከተለች፤ ከዚያ ፊደል በፊደል ለቀመች። እኔ አልተነሳሁም፤ ካሜራውም አልጠፋም። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ ያቺ ሴት ተናገረች፦

«ስትነሳ ነው የሚጠፋው። ወንበርህ ፉስ ይላል፣ ወዲያው ቲን-ቶን። ከትናንት ጀምሮ ልነግርህ ብል አንተ ትነሳለህ። አርፈህ ተቀመጥ፣ አንተ ደንቆሮ።»

እሷ አንገቷን አታዞርም፤ ቀኑን ሙሉ ሥራዋ መስማት ነው። ያ ባለጎማ የቢሮ ወንበሬ ስነሳ ከሥሩ ያለው ዘንግ ከፍ እያለ እንደሚተነፍስ እኔ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ተነሳሁ፤ ቲን-ቶን። ተቀምጬ እስኪመለስ ጠበቅሁ፤ ተነሳሁ። ከአሥር ጊዜ ስድስቱን ጠፋ። ማይከን ወገቧን ስለሚያማት የምትቀመጠው የወጥ ቤቱ የእንጨት ወንበር ላይ ነው። እሱን አምጥቼ ሃያ ጊዜ ተቀመጥኩ፣ ሃያ ጊዜ ተነሳሁ፤ አንድም አልጠፋም። እናትሽ «ስፖርቱ ይብቃህ፣ ልብህ ይቆማል» አለች።

ሲክስተንን ጠራሁት። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሲገባ የቤት አየር ይደርቃል አለኝ፤ የሱፍ ልብሴ ከወንበሩ ጨርቅ ጋር ሲፋተግ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል፤ ብድግ ስል በወንበሩ ብረት በኩል ዓይን የማያየው ብልጭታ ይሆናል፤ የካሜራው ረጅም ገመድ እንደ አንቴና ይቀበለውና ኮምፒውተሩ ደንግጦ መሣሪያውን ይጥለዋል። «መብረቁ አንተ ነህ እኮ፣ ማሽኑ ምን አጠፋ!» አለኝ። ገመዱን በአጭር ለወጥን፣ ጫፉ ላይ ሲክስተን ከሣጥኑ ያወጣውን የብረት ቀለበት አሰርን፣ ማሞቂያው ላይ እርጥብ ፎጣ አሰጣን። ወንበሩን ሲክስተን ወደ ጋራዡ ይዞት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ካሜራው አንድ ጊዜም አልጠፋም።

እግረ መንገዴን በገና ዕለት ምን ልትልሽ እንደነበር ጠየቅኳት። ያን ጊዜ እኔ ኬኩን ላመጣ ተነስቼ ነበር። «ቡናማው ሹራብ አያምርብሽም ልላት ነበር» አለች።

ሐሙስ ሐኪሟ መጣች። የእንጨቱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እናትሽ አርባ ደቂቃ ጻፈች። ከዚያ ያ የሰው አገር ድምፅ እንዲህ አለ፦ «ጉሮሮዬ አይበሳ። ማሽን አይተንፍስልኝ። አየር ሲያጥረኝ እንዳልፈራ መድኃኒት ስጡኝ። የምሞተው እዚሁ ቤቴ፣ ሐይቁን እያየሁ ነው። ይህን የምለው እኔ ነኝ እንጂ ሆልገር አይደለም። ሆልገር አይፈልግም፤ ተዉት፣ ይለምደዋል።»

ሐኪሟ ጽፋ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞራ «አንተስ የምትለው አለህ?» አለችኝ። በዕድሜዬ ብድግ ብሎ መውጣት እንደዚያ አምሮኝ አያውቅም። «የለኝም» አልኳት። ከተጋባን ጀምሮ እናትሽን እስከ መጨረሻው ቃሏ ያዳመጥኳት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሐኪሟን ስሸኝ በረንዳው ላይ ቦት ጫማዋን እያሰረች «ልጃችሁ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጁላይ ላይ» አልኳት። ከጎነበሰችበት ሳትቃና «እኔ ብሆን ጁላይን አልጠብቅም» አለችኝ።

ይህን ለእናትሽ አነሳሁላት። «ልጅቷ ሁለት ሕፃናትና ሥራ አላት። በበጋ ትመጣለች ብለናል፣ በበጋ ትምጣ። እንዳትደውልላት» አለች። ዓርብ ሲክስተን ቤት ሄጄ ደወልኩልሽ። ስለ በረዶው ብዛት ስለፈልፍብሽ የነበረው ለዚያ ነው። ከኋላሽ ልጆቹ ይስቃሉ፣ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር፤ በዚያ ሳቅ መሃል ይህን ነገር ልጥለው አልቻልኩም። ስልኩን ስዘጋ ሲክስተን «ነገርካት?» አለኝ። «ስለ በረዶው ነገርኳት» አልኩት። እሱም ቡናዬን ሞላልኝ።

ስለዚህ አልታዘዛትም። ይህን ደብዳቤ ሲክስተን ነገ በፈጣን ፖስታ ይልከዋል። ዪልቫ፣ ጁላይን አትጠብቂ። ልጆቹን ወይ ለራዊሪ ተዪለት፣ ወይ ይዘሻቸው ነይ፣ ብቻ እንደደረሰሽ ተነሺ። በማርች መጀመሪያ ሐይቁ ገና አይቀልጥም፤ ፀሐይም እስከ አልጋዋ ግርጌ መግባት ትጀምራለች። ስትደርሺ አባቴ ጠራኝ አትበያት፣ ናፍቀሽኝ መጣሁ በያት። አታምንሽም። ትቆጣለች። ትቆጣ፤ አጠገቧ ተቀምጠሽ ቁጣዋን እስክትጨርስ አድምጫት።

ራዊሪን ትከሻውን ይዘሽ ከእኔ ሰላም በይልኝ፤ በደህና ቀን ያልተናገርኩት ምስጋና አለብኝ። ኤልዳን ግንባሯን ሳሚልኝ። ታማን ያን ወፍራም እግሩን ሳሚልኝ፤ አያትህ ነው በይው፣ ባያውቀኝም። ሲክስተን ሰላም ብሎሻል፤ ማይከንም እንደዚሁ። የእናትሽን ሰላምታ አልጻፍኩም፤ መጻፌን አታውቅምና።

አባትሽ ሆልገር

ስቶሩማን፣ እሑድ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023