ለአሥራ ዘጠኝ ቀን «ለልጅ ልጅ» የቆመው የማራገቢያ መያዣ

ለተከበሩ አቶ ገድሉ፣ የ«ንጋት» ሥልጠና ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ዕድሜውንም ማዕከልዎ ከሚያትመው ፕላስቲክ አብልጦ ያርዝምልዎ።

በታላቅ ሐዘን የማሳውቅዎ ነገር ቢኖር፣ በቢሮዎ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ማራገቢያውን ደግፎ ይኖር የነበረው፣ ፕላስቲክ እያቀለጠ ዕቃ በሚያትመው በማዕከልዎ ማሽን በክብር የታተመው አረንጓዴ የፕላስቲክ መያዣ፣ በተወለደ በአሥራ ዘጠኝ ቀኑ ከዚህ ዓለም ድካም ማረፉን ነው። በምረቃው ዕለት ሪባን ቆርጠው «ይህ ዕቃ ለልጅ ልጆቻችን ይተርፋል» ሲሉ እኔም በር ላይ ቆሜ አጨብጭቤ ነበር፤ የልጅ ልጅዎ ይህን ያህል መቸኮሉን ግን ማን አወቀ?

ቅሬታዬን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ፤ ከአሥረኛ ክፍል የተመለስሁ ብሆንም እስከ ሦስት መቁጠር አያቅተኝም።

፩. ፕላስቲኩ ከበቆሎ እንደሚሠራ የነገሩን እርስዎ ነዎት። እኛ የጎጃም ልጆች በቆሎ እሳት ሲያይ ምን እንደሚሆን ጥርስ ሳናበቅል ነው ያወቅነው። እርስዎ ግን ኮምፒውተሩን በሚያዝያ ፀሐይ መስኮት ሥር አስቀምጠው፣ ባለቤትዎ የሠሩትን ዳንቴል እስከ እግሩ አለበሱት። ጸሐፊዎ ወይዘሪት ሱምያ «ጋሼ፣ ታፍኗል እኮ፣ ትንሽ እንግለጥለት» ብትል፣ «አቧራ ይግባበት? ደግሞስ ራቁቱን ይቀመጥ?» ብለው ገሠጿት። መያዣውም እንደ ጧፍ ጎበጠ፤ ማራገቢያው ወደቀ፤ ኮምፒውተሩም ግሎ ጠፋ።

፪. ስለ ፈጣን እርምጃዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ዳንቴሉን ከማንሣት ይልቅ መያዣውን በእጥፍ አወፍረው ደግመው አሳተሙት። ይኸኛው አሥራ አንድ ቀን ቆየ። ምክንያቱን የሚያጣራ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ማቋቋምዎም የሚደነቅ ነው፤ ሪፖርቱ የዘገየው የሚጻፍበት ኮምፒውተር ስለ ሞተ ብቻ ነው። ሐይቁ ዳር ታንኳ የሚሠሩት ጋሽ ገብረ መስቀል ደንገላቸውን አስረው ሲሸጡ «ጥቂት ወር ታገለግልሃለች፣ ከዚያ ውሃ ትጠጣለች» ብለው ነው። ሪባን አይቆርጡም፤ ሰውም አልሰጠመባቸውም።

፫. እህቴ ሥርጉት የልብስ ስፌት ሥልጠናዋን እርስዎ ዘንድ ጨርሳ፣ የምስክር ወረቀቷ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። ሐሙሲት ያሉት ልብስ ሰፊ ወይዘሮ ሰዓዲያ ደግሞ «እስከ ሰኞ ወረቀትሽን ይዘሽ ካልመጣሽ ቦታውን ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብለዋታል። አምስት ጊዜ ደጅ ጠናሁ፤ አምስቱንም ጊዜ «ሲስተም የለም» ተባልሁ። በዚያ ሳምንት እህቴ እህል በአፏ አልዞረም፤ ይህን እንኳ ልቀልድበት አልቻልሁም።

ስለዚህ ዓርብ ዕለት እርስዎ ምሳ ሲወጡ፣ ፈቃድዎን ሳልጠይቅ ዳንቴሉን ገለጥሁት፣ ሆዱንም ከፈትሁት። ወይዘሪት ሱምያ ምንም አላየችም፤ ይህን የነገረችኝም ራሷ ናት። ኮምፒውተሩ ነቃ፤ ወረቀቱም ታተመ፤ ዳንቴሉንም እንደ ነበረ መልሼ አለበስሁት። እርስዎም ከምሳ ተመልሰው «አላልሁም? ሁለተኛው መያዣ ትንሽ ቢያርፍ በረታ!» እያሉ በደስታ ፈርመው ማኅተሙን አሳረፉበት።

ሰኞ ዕለት ወይዘሮ ሰዓዲያ ወረቀቱን ሳያዩት ቁራጭ ጨርቅ ወርውረው «በይ ስፊ» አሏት፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ሞከሩና «ነገ ሥራ ግቢ» አሏት። ወረቀቱ እስካሁን ከቦርሳዋ አልወጣም። እንግዲህ እውነቱን ለመናገር ጉዳዩ ሁሉ አውራ ጣት የምታህል ፕላስቲክ ጉዳይ ነበር፤ ይህን ያህል ቀለምም ባልፈጀሁበት።

የዳንቴልዎ ጥላ ከላያችን እንዳይነሣ እየተመኘሁ፣ ደጅዎን ከደጄ አብልጬ የማውቀው ባለጉዳይዎ፣
ቃለ ሕይወት፣ ከግሽ አባይ

ማስታወሻ፦ የበረታው ሁለተኛው መያዣ አይደለም፤ እሱ ጎብጦ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ማራገቢያውን ደግፎ የያዘው የወይራ መፋቂያዬ ሲሆን፣ እነሆ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ሪባን ሲቆርጡለት እንዳይሳሳቱ ያህል፣ የተፋቅሁበት ጫፍ በእርስዎ ወንበር በኩል ያለው ነው።