ድምፁ እስኪደርስ ሃያ ሰከንድ

ቅዳሜ፣ ኦገስት 12

አውሎ ነፋሱ አለፈ። ደሴታችንን ታኔጋሺማን እንዳለች ጨው አልብሷት ሄደ። መስኮት ስወለውል ዋልኩ። የስኳር ድንቹ ሐረግ ተርፏል።

ባሌ ኢሳኦ ሌንሶቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ያጸዳል። ጨረቃ ላይ የምታርፈው ሰው አልባ መንኮራኩር በ26 ከዚሁ ትተኮሳለች። የእሱ ጉሮሮ ደግሞ በ31 ይቀደዳል። ሐኪሙ ቀደም ያለ ቀን ሰጥቶት ነበር፣ እምቢ ያለው ራሱ ነው። "መጀመሪያ ጨረቃዋ" አለ፣ በዚያ በሻከረ ድምፁ። ካንሰር እኮ ነው ሰውዬ... ለማን ይነገራል?

ማንቁርቱን ሙሉ በሙሉ ያወጡታል። ከዚያ ወዲያ መናገር የለም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 15

መቃብር ሄደን ለአማቼ አበባ አኖርን። ስንመለስ ቺናሚ ከኦሳካ ደወለች። "እማዬ፣ የአባዬ ድምፅ ያለበት ቪዲዮ ላኪልኝ፣ አንድ ብቻ" አለች ልጄ። ምን ችግር አለ አልኩ። የካሜራ ሰው ቤት ነው፣ የሠላሳ አራት ዓመት የሮኬት ካሴት መደርደሪያ ሙሉ።

አንድም የለም!

ከየት ይመጣል? ኮረብታችን ከማስወንጨፊያው ሰባት ኪሎ ሜትር ይርቃል። መጀመሪያ እሳቱ ይታያል፣ ድምፁ የሚደርሰው ሃያ ሰከንድ ቆይቶ ነው። ያቺ የሃያ ሰከንድ ዝምታ የኢሳኦ ኩራት ናት። ሰው ከተነፈሰባት ይቆጣል። የእኔ ሥራ "እባካችሁ ዝም በሉ" የሚል ሰሌዳ ይዤ ሮኬት ሊያዩ ወደመጡት እንግዶች ዞሬ መቆም ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ዝም ሳሰኝ! የቺናሚንም ሠርግ የቀረጸው እሱ ነው፣ ከካሜራው ጀርባ፣ አፉን ዘግቶ።

አንድ ሳል አገኘሁ። እሱም የኢሳኦ ይሁን የጎረቤታችን የሂዳካ እንጃ።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 19

ፊት ለፊት ጠየቅኩት።

"ስልኩ ላይ ትንሽ ተናገርልኝ።"

"ምን ብዬ? ኑዛዜ ላንብብልሽ?"

"የፈለግከውን በል።"

"ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። ውሃ አመጣሁለት።

እሑድ፣ ኦገስት 20

ራት ላይ ስልኬን ከጋዜጣ ሥር ደብቄ ከፈትኩት። ዓሣውን እስኪጨርስ ቃል አልወጣውም። ከዚያ እጁን ሰዶ ስልኩን አወጣ፣ አጠፋው፣ እና ያኔ ብቻ ተናገረ።

"በስንት ዓመትሽ ነው ሌብነት የጀመርሽው?"

በስድሳ አንድ። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 22

ቦታ ልንመርጥ ኮረብታው ላይ ወጣን። ካሜራውን እያስተካከለ፣ ሳያየኝ፣ "በዚህኛው ላይ እናገራለሁ" አለ። "ሃያዋም ሰከንድ ያንቺ ትሁን።"

"ምን ልትል?"

"ያን ጊዜ ትሰሚያለሽ።"

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እንደ ኮረዳ እየዘለልኩ ወረድኩ ማለት ይቻላል። ለቺናሚ ነገርኳት፣ አለቀሰች።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 26

ዝናብ። ወደ ሰኞ ተዛወረ።

ሰኞ፣ ኦገስት 28

ከንጋት ጀምሮ ኮረብታው ላይ ነን። ሰሌዳውን አውቄ ቤት ተውኩት። ሂዳካ እንኳ ገርሞት፣ "ፉዩኮ እመቤቴ፣ ሰሌዳሽ የት ገባ? ዛሬ መጮህ ተፈቀደልን?" አለኝ። "ጩህ እንደልብህ" አልኩት። ማይኩን ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ፣ ኢሳኦ አፍ አጠገብ አደረግኩት።

ግማሽ ሰዓት ሲቀር በድምፅ ማጉያው ተነገረ። ላይ፣ የሰማዩ ከፍታ ላይ ነፋስ አለ፣ ለዛሬ ተሰርዟል። እታች ቅጠል አይንቀሳቀስም!

ኢሳኦ ዕቃውን ማጠፍ ጀመረ። እጁን ያዝኩት።

"በል አሁን ተናገር። ማይኩ ክፍት ነው።"

"ለእሳቱ ነው ያልኩሽ። እሳት ለሌለው ማማ ምን እላለሁ?"

"አንተ ደረቅ!" አልኩት፣ በሰው ፊት።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 29

አዲስ ቀን አልተቆረጠም። ኢሳኦ፣ "ቀዶ ጥገናውን እናዛውረው፣ አንድ ሳምንት ምን አላት?" ብሎ ተነሣ። ሐኪሙ ጋ ደወልኩ። "አንዴ አዛውረናል እመቤት። አሁን ግን እኔ አልመክርም" አለኝ።

ነገርኩት። "አንቺ ወስኚ" አለ።

እኔ! ድምፁን ልጠብቅ ወይስ እሱን? እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይሰጣል? ውስጤ "ቆይ፣ ሳምንት ብቻ" ይላል። ያን ድምፅ ስሰማ ራሴን ፈራሁት። ወጥቼ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ካጎሺማ የመርከብ ቲኬት ቆረጥኩ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 31

ካጎሺማ። አልጋውን እየገፉ ሲወስዱት ጎን ለጎን ሄድኩ። በሩ ጋ ሲደርስ ጠቀሰኝ፣ ጎንበስ አልኩ። አሁን ነው አልኩ በልቤ...

"የካሜራ ማቆሚያውን አንገት ዘይት ቀቢው። ይንቋቋል።"

በሩ ተዘጋ። ይኸው ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ትዳር በዘይት አለቀ።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 1

ተርፏል። አንገቱ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በዚያ ይተነፍሳል። አፉን አንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። የረሳ ይመስላል፣ ደግሞ ሞከረ። ማየት አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 5

መንኮራኩሯ ሐሙስ ጠዋት ትሄዳለች። በመጻፊያ ሰሌዳው፣ "ሂጂ ቅረጪ" አለኝ። እኔ? ሌንስ ከመሸከም በቀር ምን አውቃለሁ? ወረቀት ፊትና ጀርባ ሞልቶ ጻፈልኝ። "ብርሃኑን ለእሳቱ መጥኚ፣ ለማማው አይደለም። ለማማው ካልሽ ሁሉም ነጭ ይሆናል።" ሦስት ጊዜ አሰመረበት። ለእኔ ሌላ የሚጽፈው አልነበረውም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 7

ሄደች።

እሳቱ ወጣ። ብርሃኑን በደንብ መጥኜዋለሁ፣ ነጭ አልሆነም። ከዚያ ዝምታው። ዝም የሚያሰኝ የለም፣ ሰዉ ሁሉ ይጮሃል፣ ሂዳካ ያጨበጭባል። እኔ ግን የምሰማው ያልተነገረውን ብቻ ነው። የእሱ ሃያ ሰከንድ እኮ ነበረች... እያለፈች ነው... እና ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

"አንተ ሰውዬ! ምን ልትለኝ ነበር? ንገረኝ! ምን ልትለኝ ነበር?"

የሮኬቱ ድምፅ ደርሶ እስኪውጠኝ ጮህኩ። ሂዳካ ማጨብጨቡን አቆመ። ሮኬቱ በላይ በኩል ከካሜራው እይታ ወጥቶ ሄዷል፣ እጄ አልተከተለውም። የቀረው ባዶ ሰማይ ነው።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 9

ሆስፒታል ወስጄ አሳየሁት። ጩኸቴን ልቆርጠው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ አየ። ጩኸቴ ጋ ሲደርስ አቆመው። መልሶ አጫወተ። ደግሞ መልሶ። ከዚያ ሰሌዳውን ጠየቀኝ። ረጅም ጊዜ ያዘው፣ ጻፈ፣ አጠፋ፣ ጻፈ።

"ምንም አላዘጋጀሁም ነበር። ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው።"

ብናደድ በተሻለኝ። መናደድም አልቻልኩም። ትራሱን አስተካክዬለት ኮሪደር ወጣሁ፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 3

ኢሳኦ ቤት ከገባ ስምንት ቀኑ። ሲፈልገኝ ጠረጴዛ ያንኳኳል፣ "መጣሁ" እላለሁ። ሐኪሙ ደህና ነው ይላል። በዜና መንኮራኩሯም ደህና ናት፣ ጨረቃ ጋ እስክትደርስ ገና ወራት ይቀሯታል አሉ። ሁሉም ደህና። እኔ ቀኑን ሙሉ አወራለሁ፣ ለድስቱ፣ ለሚሰጣው ልብስ፣ ለማንም። እሱ አንገቱን ይነቀንቃል።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ፣ "ፉዩኮ" ብሎ ሲጠራኝ እንዴት ነበር ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቱንም ጊዜ የጠራኝ የራሴ ድምፅ ነው።